ወርቁ ከሰሙ ይውጣ፦ የዘፈን ስንኞችን በታሪክ ለሚፈታ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በብዙዎች እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ የአማርኛ ዘፈኖችና የሕዝብ ግጥሞች እንዴት ሊፈቱ እንደሚገባ ለማስተማር ተነሥቷል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ማንኛውም የአማርኛ ዘፈን ሰምና ወርቅ አለው፤ ወርቁን ያላገኘ አድማጭ ሳይፈልግ የቀረ ነው። የመቅደላና የዓድዋ ስንኞች የታሪክ መዝገብ ናቸው፤ በውስጣቸውም የተሸሸጉ ስሞች አሉ። በዘፈን የሚጠራ የጥንት ጀግና ስም ሁልጊዜ በዘመኑ ለነበረ ገዢ የተወረወረ ነገር ነው። በደርግ ዘመን «አንቺ» የተባለች ተፈቃሪ ሁሉ አገር ናት። ዘፋኙ «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» ቢል ደግሞ ማስተባበሉ ራሱ የፍርሃቱ ምስክር ነው። ጸሐፊው ብዙ ያደመጡ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፣ ለግጥሞቹ ያላቸውም ፍቅር አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ከአምስቱ ነጥቦች አንዱም እንዳለ ሊቆም የሚችል አይመስለኝም፤ ምክንያቴንም በየነጥቡ አቀርባለሁ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ጸሐፊው «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል የወሰዱት ከቅኔ ቤት ነው፤ የቅኔ ቤትን ሕግ ግን ይዘውት አልመጡም። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች በአንዱ፣ በዋሸራም ሆነ በዋድላ ወይም በጎንጅ፣ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰምና ወርቅ፣ ኅብርና ውስጠ ወይራ የተለያዩ የቅኔ መንገዶች ናቸው እንጂ ለማንኛውም ድብቅ ነገር የሚሰጡ የወል ስሞች አይደሉም። አድማጭ በዘፈን ውስጥ «ሰምና ወርቅ» እያለ የሚጠራው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ኅብር ነው፤ ኅብር ደግሞ ሁለቱን ፍቺ በትክክል የሚሸከም አንድ ቃል ወይም ሐረግ ይፈልጋል። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲነግር፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር ካልተጋጠመ ወይም ሰዋስዉ ለአንደኛው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ይታረማል። ስለዚህ ባህሉ ራሱ ፍቺን የሚገድብ ሥርዓት አለው፤ «የፈለገ ያገኛል» የሚል ትምህርት ከዚያ ቤት አልወጣም።

ምን ማለቴ እንደሆነ ለማሳየት ለዚሁ ጽሑፍ ብዬ ሁለት ስንኝ ልደርድር፤ ለማስረጃ የተሠራ ነውና ውበቱን አንባቢ አይመዝንብኝ።

ደጅ ስጠና ኖሬ ዕድሜዬን ፈጅቼ፣
ሳልማር ወጣሁኝ ተስፋዬንም ትቼ።

ኅብሩ «ሳልማር» የሚለው ቃል ነው። በአንድ በኩል በየደብሩ ደጅ ሲጠና ኖሮ ትምህርት ያልዘለቀው ተማሪ ይናገራል፤ በሌላው በኩል ምሕረት ሲለምን ኖሮ ይቅርታ ያላገኘ ጥፋተኛ ይናገራል። ቃሉ ለሁለቱም በአንድ ዓይነት ይነበባል፤ ደጅ መጥናቱም፣ ዕድሜ መፍጀቱም፣ ተስፋ መተዉም ለሁለቱ ሰዎች ያለ አንዳች ማስገደድ ይሆናል። ፈተናው ይህ ነው፦ ሁለተኛው ፍቺ ከአንድ ቃል ላይ ተነሥቶ እስከ ስንኙ መጨረሻ ድረስ መራመድ ይችላል ወይ? ጸሐፊው ወርቅ ብለው ከዘረዘሯቸው ምሳሌዎች መካከል አብዛኞቹ ከአንድ ቃል ተነሥተው በሚቀጥለው ቃል ላይ ይወድቃሉ።

ከእነዚህ አንዱን ማንሳት ይገባል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ብዙ የግጥም ተንታኞች የሚሠሩት ነው። ጸሐፊው «ገና ነው» የሚል አዝማች ያለበትን አንድ የቆየ የፍቅር ዘፈን ጠቅሰው፣ «ገና» የተባለው የልደት በዓል ስለሆነ ዘፈኑ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተደረገውን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ያመለክታል ይላሉ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ወረቀት ላይ የተጻፈው «ገና» ለሁለቱም አንድ ነው። ዘፈን ግን በወረቀት አይዘፈንም። ቃሉ ሲላላ «እስካሁን አልሆነም» ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ዘፋኙም በየአዝማቹ የሚያላላው መሆኑን ማንም ጆሮ ያለው ይሰማል። በረጅም ዜማ ውስጥ መጥበቁ ሊደበዝዝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ግን ቃሉ ያለ ዜማ መለጠጥ የሚመጣበትን ስንኝ ፈልጎ ማመሳከር ይቻላል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ ሙከራው የተደረገው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው፤ በዓሉ የሚውለው በወሩ 29 ነው። የቀኑ ርቀት ብቻውን ፍቺውን ባያፈርሰውም፣ ሙከራውን «የገና ነገር» ብሎ የሚጠራ ሰው እንደነበረ ሊያሳዩን ይገባ ነበር። ከዘፈኑ ቃል ይልቅ የተገለበጠውን ጽሑፍ ማንበብ እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል። «አለ»ን፣ «ዋና»ን፣ «ይበላል»ን የያዘ ማንኛውም ዘፈን በዚሁ መንገድ የፈለግነውን ሊናገር ይችላል።

አሁን ወደ መቅደላ እንሂድ፤ የጽሑፉ ዋነኛ ማስረጃ የቆመው እዚህ ላይ ነውና።

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ጸሐፊው ከዚህ ስንኝ ሁለት ነገር ያወጣሉ። አንደኛ፣ በመቅደላ ከወንድ ወገን የሞተው ዐፄ ቴዎድሮስ ብቻ መሆኑን ግጥሙ ይመሰክራል ይላሉ። ሁለተኛ፣ «የሴቱን» የተባሉት በአምባው ላይ የነበሩት እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው፤ «አናውቅም» መባሉም የንግሥቲቱን ዕጣ በምስጢር ማንሳት ነው ይላሉ፤ የስማቸውንም ክፍል ይዘው «ወርቁ ወርቅ ሆኖ ተገኘ» ብለው ይደሰታሉ።

የመጀመሪያው ታሪኩን የሚጻረር ነው። ንጉሡ ራሳቸውን የሠዉት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግሥት ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወድቀዋል። በመጨረሻው ቀንም ንጉሡ መሄድ የሚፈልገው እንዲሄድ ካሰናበቱ በኋላ ከጎናቸው ከቀሩት ጥቂቶች መካከል በበሩ ላይ የሞቱ አሉ። ግጥሙን ያወጣው ሰው ይህን አላወቀም ማለት አይቻልም፤ ጩኸቱ «በረከተ» ያለው ሙሾው ከብዙ ቤት ስለሚሰማ ነው። ታዲያ «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» የሚለው ቁጥር ሳይሆን ፍርድ ነው። ወንድነት የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ ይላል፤ በዚህም ሟቹን ሲያወድስ ጥለውት የሄዱትን በዚያው ቃል ይወቅሳል። የስንኙ ኃይል ያለው አንዱ ቃል ለምስጋናም ለወቀሳም በመዋሉ ነው፤ ይህን የሚሰማ አድማጭ ሌላ ድብቅ ወርቅ አያስፈልገውም። እንደ ሬሳ ቆጠራ ካነበብነው ግን ውሸታም ግጥም ሆኖ ይቀርብናል፤ የሚያሳዝነው ጸሐፊው ግጥሙን ሊያከብሩት ብለው ውሸታም ማድረጋቸው ነው።

ሁለተኛውን ሰዋስው ይመልሰዋል። «ሴቱ» የወል ነው፤ የሴቱን ወገን በጅምላ ይጠራል፣ «ወንዱ»፣ «ሕፃኑ»፣ «ሽማግሌው» ተብሎ ሕዝብ እንደሚከፈል ማለት ነው። ስለ አንዲት የታወቀች እመቤት የሚናገር የዚያ ዘመን ገጣሚ «የሴቲቱን» ይል ነበር፤ ለንግሥትማ ከዚያም የበለጠ የአክብሮት ቃል ነበረው። ታሪኩም አይረዳቸውም፤ እቴጌ ጥሩወርቅ ያረፉት መቅደላ ላይ ሳይሆን በግንቦት 1860 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በትግራይ ምድር ነው። እዚህ ላይ እኔም አንድ ግምት አለኝ። «በረከተ» የሚለው ቃል ማዕድና በረከት በሚታሰብበት በፋሲካ ማግሥት ለሙሾ መዋሉ ሲያስደነግጠኝ ይኖራል። ነገር ግን ገጣሚው በዓሉን ማሰቡን በስንኙ ውስጥ የሚያሳይ ሌላ ቃል ስለሌለ ይህን የእኔ ስሜት ብዬ እይዘዋለሁ፤ ወርቅ ብዬ ለሌላ ሰው አልሸጠውም።

የዓድዋው ምሳሌ ደግሞ ይህ ነው።

የዓድዋ ሥላሴን ጣልያን አረከሰው፣
ገበየሁ በሞቴ ግባና ቀድሰው።

ጸሐፊው «ሥላሴ» የሚለውን ቃል ይዘው ግጥሙ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተወረወረ ውዳሴ ነው ሲሉ አነበብኩ፤ ደግሜም አነበብኩ። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ተፈሪ መኮንን የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ስለሆነ በዚያ ቀን አራት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ኃይለ ሥላሴ የሚለውን የክርስትና ስማቸውን የዙፋን ስም አድርገው ዘውድ የጫኑት በ1923 ነው። ስንኙ በኋለኛው ዘመን በመድረክ ሲዘፈን ቤተ መንግሥትን ለማስደሰት ሲባል «ሥላሴ» ላይ ጠበቅ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቢሆን ግን የአዘፋፈን ታሪክ ነው፣ የግጥሙ ትርጉም አይደለም። ሁለቱን ለይቶ መናገር ለጸሐፊው ያን ያህል የሚከብድ አልነበረም።

ይልቁንም ጸሐፊው ዘለውት ያለፉት ነገር እጅግ ባለጸጋ ነው። የረከሰ ቤተ ክርስቲያን የሚቀደሰው በካህን ነው። ገጣሚው ግን ጥሪውን ለካህን አላቀረበም፤ ለጦር መሪ፣ ለፊታውራሪ ገበየሁ አቀረበ። «ግባ» ሲል ወደ መቅደስ መግባትንም ወደ ውጊያ መግባትንም ይናገራል፤ «ቀድሰው» ሲል ደግሞ ጠላትን ማስወጣት ራሱ ቅዳሴ ሆነ። ይህ በቃሉ ላይ የቆመ፣ እስከ መጨረሻው የሚራመድ ኅብር ነው። የታሪክ ጥቅሱም ባዶ አይደለም፤ ገበየሁ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኅዳር 1888፣ በአምባላጌ ፈጥኖ በመግባት የታወቀ ሰው ነበርና «ግባ» የሚለው ለእርሱ የተለየ ክብደት አለው። «በሞቴ» የሚለው የተናጋሪው መማጸኛ ነው፤ የገበየሁን ሞት አይተነብይም፣ ምክንያቱም «በሞትህ» አላለም። ያም ሆኖ ገበየሁ በዓድዋ መውደቁን የሚያውቅ አድማጭ ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ተከትሎ የሚመጣው ስንኝ «ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ» ስለሚል ደግሞ አድማጩን ወደዚያ የሚመራው ግጥሙ ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን ፍቺ እቀበላለሁ፤ መንገዱ በስንኞቹ ላይ የሚታይ ነው።

የጀግና ስምን የሚመለከተውን ነጥብ፣ የፈረስ ስሞችን ነገር፣ ፈጠን ብዬ ልለፈው። ጸሐፊው «ታጠቅ» የሚል ቃል ያለበት ዘፈን ሁሉ በመንግሥት ላይ የጦር ጥሪ ነው ይላሉ። «አባ ታጠቅ» የዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም ነው፣ «አባ ዳኘው» የምኒልክ፣ «አባ ነጋ» የራስ አሉላ እንደሆነ ሁሉ። «ታጠቅ» በ1969 ዓ.ም. ሚሊሻ የሠለጠነበት የጦር ሰፈርም ስም ነው። ያው ቃል ትእዛዝ አንቀጽም ነው። ዘፈኑ የወጣበት ዓመት ሳይታወቅ፣ የሚዘፍነውም የጦሩ ባንድ ይሁን የሠርግ ቤት አዝማሪ ሳይለይ፣ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ዕጣ መጣል ነው። እንዲያውም በ1969 እና በ1970 «ታጠቅ» እየተባለ የተዘፈነው በራሱ በመንግሥት ፈቃድና ድጋፍ መሆኑ የጸሐፊውን ድምዳሜ ተገላቢጦሽ ያደርገዋል።

«አንቺ» ሁሉ አገር ናት ወደሚለው ስንመጣ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። ገዢዎች የአዝማሪን አፍ ሲፈሩ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በቀጣዩ ወር ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ ያዘዘው ግራዚያኒ ራሱ ነበር። በንጉሡም በደርጉም ዘመን ሳንሱር ነበረ። ግን ሳንሱር መኖሩ ገጣሚ ሊሸሽግ ይችል እንደነበረ ያሳያል እንጂ እያንዳንዱ ገጣሚ መሸሸጉን አያሳይም። በዚያ ዘመንም ሰው ይፋቀር ነበር፤ ይለያይ ነበር፤ በሰዓት እላፊ ምክንያት ሌሊቱን በአንድ ቤት ተዘግቶ ካሴት የሚሰማ ወጣት ስለ ሴት ልጅ ብቻ የሚዘፍን ዘፈን ቢሰማ የሚያስገርም አይደለም። ጸሐፊው የዘመኑን ሕዝብ ከፍ ለማድረግ ብለው ፍቅር የማያውቅ ሕዝብ አድርገውታል።

«አንቺ» የምትባለው ማን እንደሆነች የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ዘፋኙና አድማጩ የቆሙበት ቦታ ነው። ትዝታን እንውሰድ። ጸሐፊው ትዝታ ከመጀመሪያው የስደት ዘፈን ነው ይላሉ። ቅኝቱም ስልቱም ሕዝቡ በብዛት ከመሰደዱ በፊት የነበረ ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፣ ያኔ የአማርኛ ዜማ የሚያላቅስ የስደተኛ ማኅበረሰብ በባዕድ አገር አልነበረም። ከ1966 በኋላ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የተቀመጡ ኢትዮጵያውያን ያንኑ ዜማ ሲሰሙ ተፈቃሪዋ አገር ሆነችባቸው። ይህ እውነተኛ ትርጉም ነው፣ ቀን ያለው ትርጉም ግን ነው፤ ወደ ኋላ ተወስዶ ለቀደመው ገጣሚ ሊሰጥ አይገባም።

የተገላቢጦሹም አለ። በጎንደር አካባቢ የነበሩ የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ሲያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት እየጠየቁ ይዘፍኑ ነበር። በዚያው ምድር የሚኖር ክርስቲያን ጎረቤት ይህን ሲሰማ ሰማያዊቱን ኢየሩሳሌም ሊያስብ ይችላል፤ እንዲያ ቢያስብ የሚሰማው በመዝሙሩና በቅዳሴው የለመደውን ነው። ለልጆቹ ግን ወላጆቻቸው አንድ ቀን እንሄድባታለን የሚሏት አገር ናት፤ በኋላም ብዙዎቹ ሄደውባታል። የጸሐፊውን ደንብ ብንከተል እዚህ ላይም ምሳሌ መፈለግ ነበረብን፤ ምሳሌ ፈላጊው ግን ልጆቹ በግልጽ የተናገሩትን ሳይሰማ ባለፈ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሰም የሚመስለው ራሱ ነገሩ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የማስተባበሉ ነገር ነው። ዘፋኙ «አዎ» ካለ ተረጋገጠ፤ «አይደለም» ካለ ፈራ፤ ዝም ካለ ደበቀ። በምንም ሊፈርስ የማይችል ክርክር እንዲህ ሲሠራ፣ ጸሐፊው ለክርክሩ ጥንካሬ ቆጥረውታል፤ ለእኔ ግን ክርክሩ ከማስረጃ ጋር አለመገናኘቱን የሚያሳይ ነው። ፍርሃት ሊኖር ይችላል፤ ያን ለማሳየት ግን ካሴቱ መከልከሉን፣ ስንኝ ተቀይሮ መውጣቱን ወይም ዘፋኙ መጠየቁን የሚያመለክት ነገር ማቅረብ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያስተባብለው ሰው ብዙ ጊዜ የግጥሙ ባለቤት አይደለም። በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አልነበረም፤ ጸሐፊው ግን ሁሉንም ለዘፋኙ ጠቅልለው ሰጥተው ስለ «ዘፋኙ ምስጢር» ይጽፋሉ። በአዝማሪ ቤትማ ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል፤ ከታዳሚው አንዱ ስንኝ ይሰጥና «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው ያንኑ በማሲንቆ ያዜመዋል። እንዲህ የተወረወረ ስንኝ ምስጢር ካለው ምስጢሩ ያለው ከሰጪው ዘንድ ነው፤ የተወረወረበትም ሰው በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መዝጊያ ላይ በ1970ዎቹ የወጣ ነው ያሉትን አንድ የፍቅር ዘፈን አንሥተው በቀጣይ ጽሑፍ ወርቁን እንደሚያወጡ ቃል ገብተዋል። ያን ጽሑፍ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ። ካሴቱ የወጣበትን ዓመት፣ የግጥሙን ደራሲ፣ ኅብር ነው የሚሉትን ቃል በዘፋኙ ድምፅ ሲጠብቅ ወይም ሲላላ፣ እንዲሁም ያን ቃል ተከትለው የሚመጡትን ስንኞች በሙሉ ጽፈው እንዲያቀርቡልን እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ጽሑፋቸው ከእያንዳንዱ ዘፈን የጠቀሱት አንድ መስመር ብቻ ስለነበር የሚቀጥለው ስንኝ ፍቺያቸውን ይደግፍ ወይም ያፍርስ አንባቢ ሊያይ አልቻለም።